የእሜቴ ፖፖና የእኔ ጫማ

ለውድ ልጄ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽን ልጠይቅ። እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? ያ መንገድ የምትደለድዪበት ግሬደር ሲያንገጫግጭሽ ውሎ ማታ እንቅልፍ ይወስድሻል? አቧራው ዓይንሽን አላስቸገረሽም? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል፣ ግን እስካሁን አልከዳኝም። ልጅሽ እሜቴም ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ ሁላችንንም ታዝዘናለች። ቤቱም ደህና ነው፤ ጣራው አያፈስም፣ ቧንቧው አያንጠባጥብም። የማን ቤት ሆነና።

አሁን ወረቀቱን እያገላበጥሽ የማን እጅ ጽሑፍ ነው ስትዪ ታየሽኝ። አትድከሚ፣ የእኔው የአባትሽ ነው። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። መምህራችን በመጨረሻው ቀን ሰሌዳው ፊት አቁሞኝ ከክፍሉ ሁሉ የእኔን «ቧ» የሚያህል የለም አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ቧንቧ ስገጥም ኖሬ ፊደሏ ብትታዘዘኝ ምን ይገርማል። ድሮ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ባለሱቁ እንደነበር ታውቂያለሽ። እኔ ስናገር እሱ ይሄ ይቅር ጋሼ፣ ይሄ አያምርም እያለ ቃሌን እንደ ሽንኩርት ሲልጠው ቆይቶ አንቺ ጋ ሲደርስ የሚተርፈው ሰላምታው ብቻ ነበር። ዛሬ ከነልጣጩ ነው የምጽፍልሽ። የምነግርሽ ነገር በሌላ ሰው እጅ የሚያልፍ አይደለም።

መልእክትሽ ደርሶኛል፤ ራሴ አነበብኩት። ልጄ ረስታኝ ይሆን ብለሽ ጠይቀሻል። እዚህ ውሉን አድሺ እያሉኝ ነው፣ ረስታኝ ከሆነ እንደ አዲስ መጥቼ ሆዷን ከማባባ ባድሰው ሳይሻል አይቀርም፣ አባባ ሳትደብቅ ንገረኝ ብለሻል። ይህን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት፤ ለንባብ ልምምድ ብዬ እንዳይመስልሽ። እመልስልሻለሁ። ግን ውኃ የሚሳበው ከምንጩ ነውና ታገሺኝ፣ በተራ ልምጣ። ነገሩ የሚጀምረው ከፖፖ ነው።

እኔ አባትሽ በዚህ ከተማ ስንት ትልቅ ሰው የሚቀመጥበትን ያስቀመጥኩ ሰው እንደሆንኩ ላንቺ አልነግርሽም። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ እኔ ባልኩት ቦታ ነው ቁጭ የሚለው። ዳኛው፣ ሐኪሙ፣ ያ ሆቴሉን ያቆመው ቱጃር፣ ሁሉም ሱሪያቸውን ዝቅ አድርገው እኔ ልኩን አይቼ ባጠበቅሁት ላይ ነው የሚያርፉት። ከመካከላቸው አንድ እንኳ አልቀመጥም ያለኝ የለም። እሜቴ ግን፣ ክንድ የማታህለው እሜቴ፣ አልቀመጥም አለችኝ።

አንቺ እያለሽ ጀምራ ነበር፤ ታስታውሻለሽ። ጠዋት ጠዋት ቢጫዋ ፖፖ ላይ ጉብ ብላ እንደ ሹም ፊቷን ኮስተር አድርጋ ትጨርስ ነበር። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ግን ፖፖዋን ከሩቅ ስታይ ጀርባዋን ታዞራለች። ሊያስቀምጧት ሲሞክሩ ወገቧን እንደ ብረት ቱቦ ቀጥ ታደርጋለች። እኔ ብረት ቱቦ አጥፌ አውቃለሁ፤ እሷን ግን ማጠፍ አልቻልኩም። ስለዚህ ወደ ዳይፐር ተመለስን። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ተዋት ጋሼ፣ ጊዜዋ ሲደርስ ራሷ ትለምናለች ብትለኝ ተውኩ። ቀን ቀን እሷ ጋ ስለምትውል ችግር አልነበረም። የስፌት ሲንጀሯ ሲንኳኳ እሜቴ ከእግሯ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለይ ትውላለች።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ፋብሪካ ተቀጠረች። ደስ አለኝ፤ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው፣ ይገባታልም። ግን እሜቴ የት ትዋል? ወደ ሕፃናት ማቆያው ሄድኩ። ኃላፊዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ሁሉን ጠየቀችኝና፣ አዲስ ልጆች የምንቀበልበት ቀን ቅርብ ነው፣ ቦታም አለ፣ ግን ዳይፐር የምታደርግ ልጅ አንቀበልም አለችኝ። እኔ የከተማውን ሽንት ቤት ሁሉ የሠራሁ ሰው ነኝ ብላት፣ እንግዲያው ለእርስዎ ቀላል ነው አለችኝ። ምላሷ ስለት ነው፤ ወደድኳት።

የባልሽ እህት፣ የወንድሟን ነፍስ ይማርና፣ ይህን ስትሰማ ወዲያው ላከችብኝ። ማቆያው ካልተቀበላት እኔ እመጣና እወስዳታለሁ፣ እርስዎ ሥራ አለብዎት፣ እኔ ቤት ሰው አይጠፋም አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጅ ትወዳለች። ከተማዋ ግን ሩቅ ነው። እሜቴ ከዚህ ቤት ወጥታ እኔ ምንም ከማያንጠባጥብ ቧንቧ ጋር ተፋጥጬ ስቀር ታየኝ። አንቺም እሷ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ እንደ ዕቃ ስትተላለፍ ብትሰሚ ምን እንደሚሰማሽ አሰብኩ። እንግዲህ የዚህ ቤት ዕጣ በአንዲት ቢጫ ፖፖ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

መጀመሪያ በትእዛዝ ሞከርኩ፤ ሳቀችብኝ። በከረሜላ ሞከርኩ፤ ቆማ በላችው። አሻንጉሊቷን ፖፖው ላይ አስቀምጬ እዪ፣ እንዴት ጨዋ ሆና እንደተቀመጠች አልኳት፤ አሻንጉሊቷን አንስታ አቀፈቻትና ይዛት ሸሸች፣ ከእሳት እንዳዳነቻት ሁሉ። ያን ጊዜ ነገሩን ብረዳ ኖሮ ብዙ ድካም ይቀርልኝ ነበር።

በኋላ በሙያዬ መጣሁ። ልጅ የሚያስፈራው የፕላስቲክ ፖፖ ነው፣ እውነተኛውን ብታገኝ ትቀመጣለች ብዬ፣ ከጓሮ ከተራረፉ ዕቃዎች በልኳ አንድ ሽንት ቤት ሠራሁላት። ልጄ ሆይ፣ ብታዪው። ከላይ ማጠራቀሚያ አለው፣ ሰንሰለቱን ስትስቢው ውኃ ይለቃል፣ ከታች ሲፎኑ እንኳ ሽታ የማይመልስ ነው። መቀመጫውን ከእንጨት ፈልጬ ጉንጭሽን ብታስደግፊበት እስኪመችሽ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ። ከሱቁ ጎን ያለው ሕንፃ ጥበቃ ዙሪያውን ዞሮ አየና፣ ጋሼ ለእኔም በልኬ ይሥሩልኝ፣ የእኛ መሥሪያ ቤት ካለው ይሄ ይሻላል አለ።

እሜቴ መጣች። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ዞረችው። ማጠራቀሚያውን ነካ አደረገች። ሥራ እንደሚረከብ መሐንዲስ ራሷን ነቀነቀች። በልቤ፣ አንቺ የዋህ፣ የማን ልጅ ልጅ እንደሆንሽ ረስተሽ ነበር አልኩ። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች። ስትመለስ የሥራ ጫማዬን በሁለት እጇ ታቅፋ ነበር። ሳህኑ ውስጥ ከተተችው። ሰንሰለቱን ሳበችው።

ማጠራቀሚያው በደንብ ይሠራል፤ ይህን ለታሪክ ልመስክር።

ሌላኛውንም ጫማ አመጣች። ከዚያ የልብስ ሰፊዋን ነጠላ ጫማ፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ ያላደረግሁትን ጥሩ ጫማዬን። ጎረቤቱ በሳቅ ሞተ። ጥበቃው ግድግዳ ተደግፎ እንባውን ጠረገ። እሜቴ ግን አልሳቀችም። የቀሩትን ጫማዎች ጭኗ ላይ ከምራ መሬት ላይ ቁጭ አለችና በሩን አየች። ልጅ ሲያላግጥ አውቃለሁ፤ ዓይኑ አንቺን ይሰርቃል፣ ሳቅሽን ይጠብቃል። ይህ ሌላ ነበር። ይህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሬ አስተዋልኩ። ፖፖ የሚል ቃል ከአፋችን በወጣ ቁጥር ያቺ ልጅ ሮጣ ወደ በሩ ትሄዳለች፣ ጫማ ትሰበስባለች። ብዪ ተብላ አትሄድም፣ ተኚ ተብላ አትሄድም። ፖፖ ሲባል ብቻ።

በእኛ ሥራ አንድ ነገር አለ። ግድግዳ ሲረጥብ ያልለመደ ሰው እርጥበቱ የታየበትን ቦታ ይሰብራል፤ ደረቅ ሆኖ ያገኘዋል። የተቀደደው ቧንቧ እዚያ አይደለም። ውኃው ከሩቅ መጥቶ፣ በማታዪው መንገድ ተጉዞ፣ ደካማ ቦታ ሲያገኝ ነው ብቅ የሚለው። መከተል ያለብሽ ወደ ኋላ ነው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ፖፖውን ስሰብር ነው የከረምኩት።

ወደ ኋላ ስከተል አንቺ የሄድሽበት ጠዋት ላይ ደረስኩ። እኔ የዚያን ዕለት ገና ሳይነጋ ሆቴሉ ቧንቧ ፈንድቶበት ተጠርቼ ወጥቻለሁ፤ እኔና አንቺ ማታውን ነበር የተሰነባበትነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋን ጠየቅኋት። እንደ ልማዷ መርፌዎቿን በከንፈሯ ይዛ ነበር፤ አንድ በአንድ አውጥታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካችና ነገረችኝ።

ፖፖዋ ላይ አስቀምጠሻታል። እንድትጫወትበት ባዶ የክር ማጠንጠኛ ሰጥተሻታል። እሷ ማጠንጠኛውን እያሽከረከረች ሳለ አንቺ ጫማሽን ከበሩ ሥር አንስተሽ፣ ሶሉ ድምፅ እንዳያሰማ በእጅሽ ይዘሽ፣ በካልሲሽ ወጥተሻል። ሲያዩ ያለቅሳሉ፣ ተደብቀሽ ውጪ ብለን የመከርናት ሁላችንም ነን ጋሼ አለች ልብስ ሰፊዋ። አውቃለሁ። በየቤቱ የሚደረግ ነው፤ እናቴም ገበያ ስትሄድ ታደርገው ነበር፣ እናትሽም አድርጋዋለች። ለልጅ ማዘን እንጂ ሌላ አይደለም። ደረጃው ድረስ በካልሲ እንደሄድሽና እዚያ ቁጭ ብለሽ ጫማሽን ለማሰር ብዙ ጊዜ እንደወሰደብሽም ነግራኛለች።

ከዚያ እሜቴ ጨረሰች። በደንብ ነበር የጨረሰችው አለች ልብስ ሰፊዋ። ሱሪዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ እንዳለ ተነስታ እማ፣ እዪ አለች። ሁለቴ ጠራች። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች፤ ጫማሽ የነበረበትን ቦታ አየች፣ ጎንበስ ብላ መዳፏን ባዶው ወለል ላይ አሳረፈች። አላለቀሰችም። እኛም ተመስገን፣ ልብ አላለችም አልን አለችኝ። ይህን ስትጨርስ ልብስ ሰፊዋ መርፌዎቹን ወደ ከንፈሯ መለሰች።

ልጄ፣ ይህን የምጽፍልሽ ልወቅስሽ ብዬ አይደለም፤ ብዬ ከሆነ ይህ አዲስ እጄ ይድረቅ። የምጽፍልሽ ገርሞኝ ነው። እስካሁንም መገረሜ አልወጣልኝም። ቃሎቿ ሁሉ ቢሰበሰቡ አንድ እፍኝ የማይሞሉ ልጅ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ቁጭ ብላ አስባ ሕግ አወጣች። የተቀመጠ ሰው ሰው ያጣል። ጫማው ያለ ሰው ግን አለ። ስለዚህ መቀመጥ ግድ ከሆነ መጀመሪያ ጫማ ይሰብሰብ። ያን ዕለት አሻንጉሊቷን አንስታ የሸሸችውም፣ እንደ እሷ ሰው እንዳታጣ ነው። እኔን ፊደል ለማስቆጠር መምህር፣ ሰሌዳ፣ ጠመኔና ስንት ትዕግሥት አስፈለገ። እሷ ግን እኔ ፊደል ሳልቆጥር በፊት ጫማ ማንበብ ጀምራ ነበር። እዚህ ቤት የተማርኩ እኔ ብቻ መስሎኝ ስንጎማለል ከርሜያለሁ።

በእረፍት ቀኔ ጠዋት ያን ድንቅ ሥራዬን ወደ ጓሮ አወጣሁት። አሁን አበባ ተተክሎበታል፤ ሰንሰለቱን ስስበው ይጠጣል፣ እንደሱ የሚያምር የአበባ ማሰሮ የማንም ቤት የለም። አሮጌዋን ቢጫ ፖፖ ክፍሉ መካከል አስቀመጥኩ። ከዚያ እሜቴ እያየችኝ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ካልሲዬንም። ጥሩ ጫማዬን፣ የሥራውን፣ ነጠላ ጫማዬን፣ ሁሉንም አምጥቼ በፖፖዋ ዙሪያ ደረደርኩ። ልብስ ሰፊዋም ገባችና የራሷን አውልቃ ጨመረች። ከፖፖዋ ትይዩ መሬት ላይ ቁጭ አልን፣ ባዶ እግራችንን ዘርግተን።

እሜቴ መጣች። ጫማዎቹን አየች። የእኔን አውራ ጣት ይዛ ወዘወዘችው፣ በደንብ መገጠሙን እንደምታጣራ። የልብስ ሰፊዋንም አየች። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለች ሄዳ ቁጭ አለች።

ሁለታችንም ጆሯችንን ሰጠን።

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የውኃ ድምፅ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግድግዳ ላይ ጆሮዬን ደግፌ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ እናገራለሁ። ከሦስት ፎቅ በታች የሚንጠባጠብ አይጠፋኝም። ግን እንደዚያች ትንሽ ድምፅ የሆነ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። እሜቴ ተነሳች፤ ፖፖው ውስጥ ምን እንዳለ ከማየቷ በፊት እኔን አየች። አለሁ። ከዚያ አባባ፣ እይ አለችኝ። ሄጄ አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም አልኳት፤ ውሸት የለበትም።

አንቺ አባባ አሁን ማጋነን ጀመረ እንደምትዪ አውቃለሁ። እንግዲያው የሚያዋርደኝንም ልንገርሽና ሚዛኑ ይስተካከል።

ማቆያ ስትገባ እኔ ባዶ እግሬን ዘርግቼ ልጠብቃት አልችልም። ሰው እንደሚሄድና እንደሚመለስ ማየት ነበረባት። ስለዚህ ፖፖዋ ላይ እንዳለች፣ ተደብቄ ሳይሆን ፊቷ ቆሜ፣ አባባ ይሄዳል፣ አባባ ይመለሳል አልኳት። አሰበች። ጫማዬን አንስታ አንዱን ሰጠችኝ። አንዱን አስቀረች።

ብትለምኚያት፣ ብታስረጂያት፣ አንዱን ብቻ። እኔም ልብስ ሰፊዋን እሷ ጋ አስቀምጬ፣ ቀኝ እግሬን በጫማ፣ ግራ እግሬን በነጠላ ጫማ አድርጌ እስከ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ መነጽሩን ጠርጎ አየኝና፣ ጋሼ የተማረ ሰው እንዲህ ነው የሚለብሰው አለኝ። ጥበቃው ከበሩ ላይ ሆኖ፣ ግራ እግርዎ የዓመት ፈቃድ ወጣ እንዴ አለ። ሥራ በዝቶበት ነው፣ ቤት ተቀምጦ ልጅ ይጠብቃል አልኩት። ቤት ስደርስ ሆን ብዬ እያጋጨሁ፣ እየተሳልኩ ገባሁ። እሜቴ ፖፖዋ ላይ ጫማዬን ታቅፋ ነበር። ከእግሬ ያለውን አስወልቃ ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገች፤ አንድ መሆናቸውን አረጋገጠች፤ በሩ ሥር አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ሥራዋን ጨረሰች።

እንዲህ እንዲህ እያልን መንገዱን አስረዘምነው። አንድ ቀን እንዲያውም ደንበኛ ቤት ድረስ በአንድ ጫማ ሄድኩ። እመቤቲቱ እግሬን አይተው ምነው ሲሉኝ፣ ለቧንቧ ሥራ ግራ እግር መተንፈስ አለበት አልኳቸው። ለባላቸው ሲነግሩ ሰምቻለሁ፤ አምነውኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት፣ መፍቻዬን ቦርሳ ውስጥ እየከተትኩ ሳለ፣ እሜቴ ከበሩ ሥር ሁለቱንም ጫማ ይዛ መጣች። ሁለቱንም። እግሬ ፊት አስቀመጠቻቸው፣ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዙራ። ማንም አላሳያትም። እኔ ጎንበስ ብዬ ክሩን ለማሰር ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ያን ጊዜ ደረጃው ላይ የተቀመጥሽውን አንቺን አሰብኩ።

የማቆያው ቀን ደረሰ። ዳይፐር የለም፤ ልብስ ሰፊዋ ከፋብሪካው ቁርጥራጭ በሰፋችላት የውስጥ ሱሪ ነው የሄደችው። የባልሽ እህት ሻንጣዋን አዘጋጅታ ወሬ እየጠበቀች ነበር። እኔ በውጭ እቀልዳለሁ፣ በውስጤ ግን አስባለሁ። ጫማዬን እዚያ ትቼላት መሄድ አልችል። በአዲስ ቤት፣ በአዲስ ሰው መካከል፣ ምን ይዛ ትቀመጣለች?

በሩን ስናልፍ ቆመች። እኔም ቆምኩ። ለካስ እዚያ ቤት ወለሉ ምንጣፍ ስለሆነ በጫማ አይገባም። ልጆቹ፣ ሞግዚቶቹ፣ ኃላፊዋ ራሷ፣ ሁሉም በር ላይ ያወልቃሉ። በግድግዳው ርዝመት ልክ መደርደሪያ አለ፤ በመደርደሪያው ላይ ያን ሁሉ ጫማ ብታዪ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አንገቱ የተጣመመ፣ ክሩ የተበጠሰ። እሜቴ ጣቷን ከመጀመሪያው ጫማ ላይ አሳርፋ እስከ መጨረሻው እየነካች ሄደች፣ እኔ አሁን መስመር ሳነብ እንደማደርገው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የኃላፊዋን እግር አየች። ካልሲዋ አውራ ጣቷ ላይ ተቀዷል። ኃላፊዋ ጣቷን ልትሸሽግ ብትሞክር የት ትግባ፤ እሜቴ ይዛ ወዝውዛታለች።

ከዚያ የራሷን ጫማ አወለቀች። ከባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠችና ዞር ብላ፣ አባባ ሂድ አለችኝ።

ሄድኩ። ሩቅ አልሄድኩም፤ የጣራውን አሸንዳ እየመረመርኩ ነበር፣ የሚያፈስ ይመስላል። ኃላፊዋ ቆይታ በመስኮቱ ብቅ አለችና፣ ጋሼ አሸንዳችን ደህና ነው፣ ልጅዎም ደህና ናት፣ ራሷ ጠይቃ ተቀምጣለች፣ አሁን ክፍሉን ሙሉ ጠርታ እዩልኝ እያለች ነው፣ ነገ ይዘዋት ይምጡ አለችኝ። የባልሽ እህት ሻንጣዋን ፈታለች። ቅር ሳትሰኝ፣ እኔም እኮ ልጆቼን እንደዚያው እየተደበቅሁ ነው የማሳድገው ብላ የሕፃን ልብስ ላከች።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ደረስኩ።

በራችን ሥር የጫማው ቦታ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከግድግዳው በኩል የእኔ፣ ቀጥሎ የእሜቴ፣ ከበሩ አጠገብ ያንቺ። ያንቺ ቦታ ባዶ ነው። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ቸኩላ ስትገባ ነጠላ ጫማዋን እዚያ ጣል አደረገችው። እሜቴ የያዘችውን ዳቦ አስቀምጣ ሄደች፣ ነጠላ ጫማውን አንስታ ወዲያ አኖረችው፣ ተመልሳ ዳቦዋን በላች። እኔም በስህተት አስቀምጬ አውቃለሁ፤ የእኔም ተነስቷል። ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። አንዴ ይህ የማን ቦታ ነው ብዬ ጠየቅኋት። መምህራችን የቆጠረውን ፊደል መልሶ የሚጠይቅን ተማሪ እንደሚያይ አየችኝና፣ የእማ አለችኝ።

እኛ ቤት ስንሠራ፣ ወደፊት ለሚመጣ መታጠቢያ ብለን ግድግዳው ውስጥ አንድ የቧንቧ አፍ ትተን እንወጣለን። ለማያውቅ ሰው የተረሳ ቀዳዳ ይመስለዋል። የተረሳ አይደለም፤ የሚጠበቅ ነው።

ውሉን አድሺ ወይም አታድሺ አልልሽም። ግሬደር የምትነጂው አንቺ ነሽ፤ መንገዱን የምታዪው ከላይ ሆነሽ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ስትመጪ ጫማሽን እዚያው ቦታሽ ላይ አውልቂ። ከወሰደችብሽ፣ ታቅፋው ብትተኛም፣ ውኃ ውስጥ ብትከተውም አትቆጪ፤ የጫማ መጠገኛው በእኔ ነው። ደግሞ ስትሄጂ ዓይኗ እያየ አድርጊው። ክሩን ፊቷ እሰሪ፤ ሶሉ ይሰማ። ታለቅስ ይሆናል። ታልቅስ፤ ለቅሶ እኔ አውቃለሁ፣ ፈሶ ያልቃል።

ፈጣሪ ከጠራራውም ከገደሉም ይጠብቅሽ። የምትደለድዪው መንገድ ሰውን ወደ ቤቱ የሚያደርስ ይሁን። ልብስ ሰፊዋ ናፍቆቷን ላከችልሽ፤ አንድ ነገር ንገርልኝ ብላ ጀምራ መርፌዋን መልሳ ጎረሰችው። ባለሱቁ ጽሑፌን አይቶ ምንም የሚላጥ አላገኘም። እሜቴ አጠገቤ ቆማ እርሳሱን አምጣ እያለችኝ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው ሌላ ወረቀት የእሷ ነው። እግሯን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትንቀሳቀስ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ሳልኩት። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ያማረኝ እሱ ነው። ጫማ ስትገዢላት በእሱ ልክ ግዢ። እግሯ ቶሎ ቶሎ ያድጋልና ትንሽ ሰፋ ይበል። ብዙ ግን አታስፊው።

አባትሽ